አጥርቼ ያሳረስኩት መሬት ለምን ቀድሞ ለመለመ? (43 መልስ ያገኘ ጥያቄ)

በመድረካችን ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረዘመ፣ ከየት እንጀምር ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አላሰፍርም። አንዳንዱ በንዴት የጻፈውን በማግስቱ አጥፍቶታል፤ ካጠፉት አንዱ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወረድ ግማሽ ሄክታር ተከራይቼ በመስኖ ሽንኩርት አለማለሁ። ጥር ላይ ማሳውን ሁለቴ በትራክተር አሳረስኩ። ሥሩንም ግንዱንም አስለቅሜ አቃጠልኩ፣ ቦይ አወጣሁ፣ ውሃ ለቀቅኩ፣ ችግኝ ተከልኩ። መሬቱ የተጠረገ ግቢ መስሎ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስደርስ አረንጓዴ ሆኗል። ያውም በሁሉም ቦታ አይደለም። ከውሃው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በመደቡ ጎን ላይ፣ በሲባጎ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን የቡቃያ መስመር። የመደቡ አናት ደረቅና ባዶ ነው፤ ከቦዩ ወለል ደግሞ እንግጫ ብቻ እንደ መርፌ ብቅ ብቅ ብሏል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጥጉ ነው። ትራክተሩ የሚዞርበት፣ ማረሻ ያልነካው አራት እርምጃ የሚሆን መሬት አለ፤ እዚያ አንድም አልበቀለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንደኛው፣ ያረስኩት ካላረስኩት ለምን ባሰ የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ ዘሩን የነፋብኝ አጠገቤ ያለው ሰነፍ ጎረቤቴ ነው የሚል ክስ ነበር። በኋላ ያጠፋሁት ይኼን ክስ ነው።

መልስ 1 የመጣው ከዴራ ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ እሱም ዘንድ እንዲሁ መሆኑን ነግሮ አጽናናኝ። መልስ 2 የአረም መድኃኒት ሻጭ ስልክ ቁጥር ነበርና አወያዩ ወዲያው አነሳው። ሰውየው በመልስ 15 ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ተነሣ።

መልስ 3 ነው ወሬውን ቁም ነገር ያደረገው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን በአረም ሥራ ላይ የፈጁ ጡረተኛ ናቸው፤ መድረኩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከማስረዳታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ማረሻው ስንት ጥልቀት ገባ፣ አፈሩ ከተጠጣ በኋላ ስንት ቀን እርጥብ ሆኖ ቆየ፣ የበቀለውስ ምንድን ነው? አብዛኛው አሉማ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ ማጎንቆልና መብቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዱ። ዘር አፈር ውስጥ አጎንቁሎ መሬቱን ሳይበሳ ሊሞት ይችላል፤ እኛ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው። በሳሳ ዝናብ ነቅቶ በማግስቱ ፀሐይ የሚደርቀው፣ ዶፍ ከመታ በኋላ አፈሩ ቅርፊት ሠርቶ የሚያፍነው ብዙ ነው። እንደ አሉማ ያለ ዘሩ ደቃቅ የሆነ አረም ደግሞ የያዘው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ፣ የሚወጣው በአብዛኛው ከላይኛው ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ነው።

መስመሩንም ፈቱልኝ። ውሃው ከቦዩ ወደ መደቡ ጎን እየሰረገ ይወጣል። አናቱ ላይ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይዞት የወጣውን ጨውም እዚያው ይተወዋል። ወለሉ በውሃ ስለሚታፈን አየር ያንሰዋል። መሐሉ እርጥብም ነው፣ አየርም አለው፣ ቀን ይሞቃል ሌሊት ይቀዘቅዛል። ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ለብዙ ዘር ምልክት መሆኑን ጋሼ በደንብ አብራሩት፤ ከላይ ያለ፣ የሸፈነው ቅጠል የሌለ አፈር ሙቀቱ በጣም ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ታች ሲወረድ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ዘሩ ዓይን ባይኖረውም ጥልቀቱን በዚህ ይለካል ማለት ነው። ያንን ካነበብኩ በኋላ እጄን መደቡ ጎን ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አናቱ ያቃጥላል፣ ሁለት ጣት ወረድ ሲባል ለብ ያለ እርጥብ ሊጥ ነው።

ከመልስ 4 እስከ 7 ያለውን ብትዘሉት አይቆጫችሁም። ከአሉማው መሐል አንድ ሰማያዊ አበባ ያለው አረም በፎቶ አሳይቼ ነበርና፣ ስሙ የውሃ አንቁር ነው ወይስ ወፍ አንቁር በሚለው አራት ሰው ተከራከረ። ከዚያ ሁሉ የረባው መልስ 6 ላይ የተጣለች አንዲት ነጥብ ናት፦ ይህ አረም ከላይ ከሚያፈራው ሌላ መሬት ውስጥም ያፈራል፤ የመሬት ውስጡ ዘር ስለሚተልቅ ከጥልቅም ይወጣል። አንዱ ተክል ሁለት ዓይነት ዕቁብ ይጥላል ማለት ነው።

መልስ 8 የአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው። ብዙ ደቃቅ ዘር ለመንቃት ብርሃን እንደሚፈልግ፣ ማረሻ ሲገለብጠው ለቅጽበት የሚያገኘው ብልጭታ እንኳ እንደሚበቃው፣ ወዲያው ተመልሶ ቢቀበርም ብርሃኑን አንዴ ስለቀመሰ እንደማይተኛ ጻፈ። የፀሐይ ብርሃን አፈር ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ ያልታረሰው ጥግ ዘሩን ጨለማ ውስጥ አስተኝቶት ይሆናል። በ1952 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ቤልትስቪል ላይ በሰላጣ ዘር የተሠራውን ሙከራም አነሣ። ቀይ ብርሃን ዘሩን ያነቃዋል፣ ከቀዩ ወዲያ ያለው ለዓይናችን ለመታየት የሚያዳግተው ብርሃን ደግሞ ያስተኛዋል፤ እያፈራረቁ ቢያበሩበት የሚወስነው የመጨረሻው ነው። ይህን የሚያነበው የዘሩ ውስጥ ቀለም ፋይቶክሮም ይባላል። ልጁ በዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን በሌሊት ማረስ እንደሚሻል ጨመረበት።

መልስ 9 ሳቀበት። አዳማ ላይ በሌሊት የሚያርሰው ጅብ ብቻ መሆኑን ጻፈ፣ ሰባ ሰው ወደደለት። መልስ 10 ልጁን ከመጽሐፍ ውጭ መሬት ረግጦ እንደማያውቅ ወቀሰው። መልስ 11 ልጁ ራሱ ነው፤ ተቆጥቶ፣ አባቱ ገበሬ መሆናቸውንና በሞፈር ማደጉን ተናገረ። እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር።

መልስ 12 አሳፈረኝ። የቆቃ ሰው ነው፤ ሰላምታ የለ፣ ወንድሜ የለ። ያ ጥግ ውሃ ይደርሰዋል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አይደርሰውም! ቦዩ ከዚያ በፊት ያልቃል። ከዚያ መልስ 13 ላይ፣ የደረቀ መሬትን ከጠጣ መሬት ጋር አወዳድሮ ምሥጢር አገኘሁ የሚል ሰው ሽንኩርቱን ቢያስመረምር ሳይሆን ራሱን ቢያስመረምር እንደሚሻለው አከለበት። በዚያ ላይ ትራክተሩ የዞረበት መሬት ጎማ የደቀደቀው ስለሆነ ለቡቃያ መብሳቱም ከባድ ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ተለውጦ አንዱን መርጬ ነበር የከሰስኩት። ለሁለት ቀን አልመለስኩም።

በዝምታዬ ጊዜ የገቡት መልሶች ግን ጥሩ ናቸው። መልስ 14 የሞጆ ጤፍ አምራች፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ማረስን አረም ጠሪ ብቻ አድርጎ ማየቱ አላማራቸውም። አባታቸው ለጤፍ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ይመላለሱበት ነበር፤ ሁለተኛውን፣ አይማውን፣ የሚጀምሩት ግን የመጀመሪያው እርሻ የጠራው አረም አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ነው። ቀድመው ከገቡ እንደ ኪሳራ ይቆጥሩት ነበር። አንዱ እርሻ ይቀሰቅሳል፣ ቀጣዩ ይገድላል። እኔ ሁለቱን እርሻ በሦስት ቀን ልዩነት፣ በደረቅ መሬት ላይ ነበር ያሳረስኩት፤ መቀስቀሻውን ውሃ የለቀቅኩት ከተከልኩ ጋር ነው። ጋሼ በመልስ 16 ይህንኑ በመስኖ እንዴት እንደሚደረግ አሳዩ፦ ቦዩን አውጥቶ፣ ሳይተክሉ ውሃ መልቀቅ፤ ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን መጠበቅ፤ የበቀለውን ከሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሳያልፉ በላይ በላዩ መኮትኮት፤ ከዚያ መትከል። ጠልቆ መኮትኮት አዲስ ዘር ከታች ያወጣል፣ ልፋቱም ይበላሻል።

መልስ 17 ከኢተያ ነው፤ ስንዴ አምራች። ይህ ሁሉ የቆላ ወሬ መሆኑን፣ እሱ ዘንድ ችግሩ ስናር የሚባለው አረም መሆኑንና ስናር ብርሃንም ጥልቀትም እንደማይገደው ጻፈ። ልክ ነው። ስናር ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ከአሥር ሳንቲሜትር በታች ተቀብሮም ይወጣል፣ ቅዝቃዜም ይስማማዋል። አሉማ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። ከአዳማ ወደ አርሲ ከፍታ የሚወጣ ሰው በአንድ ሰዓት መንገድ የአረሙን ዓይነት ሲለወጥ የሚያየው ለዚህ ነው። ዝናቡ አንድ ሊሆን ይችላል፣ የአፈሩ ሙቀት ግን አንድ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሙከራ ጀመርኩ፤ መልስ 19 ላይ ዘግቤዋለሁ። ሦስት አሮጌ የባጃጅ ጎማ ከጥገና ቤት ለመንኩ። አንደኛውን ያልታረሰው ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን እዚያው አጠገብ አድርጌ ውስጡን በጠራራ ፀሐይ በዶማ ገለበጥኩ። ሦስተኛውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ጨረቃ በሌለበት፣ የስልኬን መብራት አጥፍቼ በዳበሳ ገለበጥኩ። የጎረቤቴ የፓምፕ ጠባቂ ሌባ መስዬው ማነህ ብሎ ጮኸ፣ አንድ ድንጋይም ከጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ለሳይንስ የከፈልኩት ይኼ ነው። ሦስቱንም በየማታው እኩል ውሃ አጠጣሁ። በዐሥራ አራተኛው ቀን ተንበርክኬ በጥርስ መፋቂያ እየነካሁ ቆጠርኩ፦ ያልተገለበጠው 6፣ በቀን የተገለበጠው 41፣ በሌሊት የተገለበጠው 17። እንግጫውን አልቆጠርኩም፤ ቀንም ሌሊትም ሳይለይ እኩል ነው የወጣው።

መድረኩ ተቀወጠ። መልስ 20 እና 21 ከልጁ ይቅርታ ጠየቁ፣ መልስ 9 ግን አልጠየቀም። ጋሼ በመልስ 22 አረጋጉን። የሌሊት እርሻ ቀልድ አለመሆኑን፣ ሃርትማንና ኔዛዳል የተባሉ ጀርመኖች በ1990 አሳትመውት ብዙ ሰው እንዳነጋገረ፣ ከዚያ በኋላ በተለያየ ቦታ የተሞከረው ግን አንዴ ሲሠራ አንዴ ሳይሠራ እንደቀረ አስረዱ። ዘሩ ትልቅ የሆነው አረም ብርሃን አይጠብቅም። እንግጫ ደግሞ የሚነሣው ከዘር ሳይሆን ከሥሩ ድቡልቡል ነው፤ ሰንሰለቱን ማረሻ ሲቆራርጠው የፊተኛው የኋለኛውን የሚያስተኛበት ግዛት ይፈርሳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይነቃል። በመጨረሻም፣ አንድ አንድ ጎማ ማስረጃ እንደማይባል፣ ቢያንስ አራት አራት ቢሆን እንደሚሻል መከሩኝ። የባጃጅ ጎማ የት ይገኛል ብሎ የጠየቀኝ መልስ 23 ነው፤ አዳማ ላይ!

መልስ 24 የልጁ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። ሚሺጋን ውስጥ ዊልያም ቢል የተባለ መምህር በ1879 ሃያ ጠርሙስ ውስጥ የአረም ዘር ከአሸዋ ጋር ከቶ ቀበረ፤ ተከታዮቹ በየተወሰነ ዓመት አንዳንድ እያወጡ ይዘሩታል። በ2021 የወጣው ከ142 ዓመት በኋላ ቬርባስከም የተባለው አረም በቅሎበታል። ቀጣዩ ተራ 2040 ነው። ልጁ ይህን ያመጣው አንድም አፈር ውስጥ ያለን ዘር አስለቅሜ ጨረስኩ ማለት ከንቱ መሆኑን ሊያሳየኝ ነው፣ አንድም መልስ 9ን ሊመልስለት ነው፦ ጠርሙሱን የሚያወጡት በጨለማ ነው፣ ቀን ብርሃን ሳይነካው። ጅቡ ሳይንቲስት ሆነ አልኩ ለብቻዬ።

ከመልስ 25 እስከ 33 ድረስ ከመንገድ ወጣን። የሚኤሶ ማሽላ አምራች የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚኖረውን አረም፣ አቀንጭራን፣ አመጣ፤ ዝናብ ሲበዛ እንደሚወጣ አድርጎ ስለጻፈ ጋሼ አረሙት። የአቀንጭራ ዘር ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ለአንድ ሁለት ሳምንት ከተዘጋጀ በኋላም የማሽላ ሥር የሚለቀውን ንጥረ ነገር ካላሸተተ አያጎነቁልም። ዝናቡ ያዘጋጀዋል፣ የሚጠራው ግን ማሽላው ራሱ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ተነሡ፣ ሁሉም ኮራ። ከዚያ ነገሩ የማን ልጅ ናቸው ወደሚለው ዞሮ አወያዩ ሦስት መልስ አጠፋ። እትዬ ፓርቴኒየምን አመጡ፤ ላሞቻቸው በልተውት ወተቱ መረረ። ይህ አረም ወቅት አይጠብቅም፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፣ በሳምንታት ውስጥ ያብባል፣ አንዱ ተክል ብቻውን በሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ቅጠሉን የምትበላው ዚጎግራማ የምትባል ጥንዚዛ በ2016 እዚሁ ወለንጪቲ ላይ መለቀቋን የነገረን መልስ 31 ነው።

መልስ 34 መልሶ ወደ እኔ መጣ፣ ጠንከር ብሎ። ከከብት ማድለቢያ ገዝቼ የበተንኩትን ፍግ ጠየቀኝ፤ ትኩስ ነበር ወይስ የተብላላ? ትኩስ ነበር። ብዙ ጠንካራ ዘር በከብት ሆድ አልፎ በሕይወት ይወጣል፤ ክምሩ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ካልጋለ አይሞትም። ላይ ላዩን በመበተኔ፣ ዘሩን ከነማዳበሪያው ያዘራሁት እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ጎረቤቴን የከሰስኩበትን ዓረፍተ ነገር ያጠፋሁት የዚያን ቀን ማታ ነው።

መልስ 36 ሌላ ማብራሪያ ሰጠ፤ ይኼ ለሽንኩርት አምራች ሁሉ ይጠቅማል። ቦሎቄ ወይም በቆሎ ሲሰፋ ቅጠሉ መሬቱን ይጋርዳል፤ በቅጠል ውስጥ አልፎ የሚደርሰው ብርሃን ቀዩ ተቀንሶለት ነው፣ ስለዚህ ዘሩ ጥላ ሥር መሆኑን አውቆ ይተኛል። የሽንኩርት ቅጠል ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መሬቱን እስከ መጨረሻው አይሸፍንም። አረሙ ውሃ ባጠጣን ቁጥር አዲስ ጥሪ ይደርሰዋል። አንድ ጊዜ አርሜ ጨረስኩ የሚባልበት ሰብል አይደለም።

መልስ 37 ጭድ እንድጎዘጉዝ መከረኝ፤ መልስ 38 የጭድ ዋጋ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው፤ መልስ 39 የሸንኮራ ቅጠል ወንጂ ላይ ርካሽ መሆኑን ጠቆመ። መልስ 40 እና 41 ስለ ሽንኩርት ዋጋ ናቸው፣ ስድብ ስላለበት አልነግራችሁም። መልስ 42 ላይ ሦስቱን ጎማ እስከ ሰኔ ዝናብ እንደማላነሳቸው፣ የሌሊቱን ውጤት በአራት በአራት ልደግመው እንደተዘጋጀሁ ጻፍኩ።

መልስ 43 ትናንት ማታ ገባ። የጻፈው ጎረቤቴ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክሩን ሲያነብ ኖሯል። ሰነፍ መባሉን አላነሣም፣ ስለ ድንጋዩም ይቅርታ አልጠየቀም። የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ በጨለማ ያስቀመጥኳት ሦስተኛዋ ጎማ ድንበር አልፋ እሱ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው፤ 17 ብዬ የቆጠርኩት የእሱን አረም ነው።

ዛሬ ጠዋት ሲባጎ ይዤ ሄድኩ። ከችካል እስከ ችካል ዘረጋሁት። አንድ እርምጃ ተኩል አልፋለች።